የድሮ ቴሌቪዥንና ስቴሪዮ ኮንሶል፦ ከምልክቱ ወደ መነሻው፣ ከመነሻው ወደ መፍትሄው

ክዳኑ ሲዘጋ ቡፌ ይመስላል። ሲከፈት መሃሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ በአንድ ጎኑ ራዲዮ፣ በሌላው ጎኑ ሸክላ ማጫወቻ፣ በግራና በቀኝ ትልልቅ ስፒከሮች ተቀምጠዋል። ማግናቮክስ፣ አርሲኤ፣ ዜኒትና ሌሎች የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ኮንሶል በብዛት አምርተዋል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን ቤት ዕቃ ሲሸጥ በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዴም "አንሡልን" ተብሎ በነፃ ይገኛል።

ዝም ያለ ኮንሶል አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው በካፓሲተሮቹ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዳቸውም የጥቂት ዶላር ዕቃ ናቸው። አስጊው ነገር ግን እነዚህ ርካሽ ዕቃዎች ሲበላሹ ምትክ የማይገኝለትን ይዘው መሄዳቸው ነው፦ የኃይል ትራንስፎርመሩን፣ የስፒከር ትራንስፎርመሩን፣ የቴሌቪዥኑን ፍላይባክ (ለፒክቸር ቲዩቡ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ትራንስፎርመር)። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ እነዚህን ሦስቱን ለማትረፍ የተሰደረ ነው። የምንናገረው በቫልቭ (በመስታወት ቲዩብ) ስለሚሠሩና የኃይል ትራንስፎርመር ስላላቸው ኮንሶሎች ነው።

ሶኬት ከመሰካትዎ በፊት

"ይሠራ እንደሆን እስቲ ልየው" ብሎ መሰካት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተቀመጠ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በውስጡ ስለሚደርቅና ስለሚዳከም፣ ድንገት 350 ቮልት ሲያርፍበት እንደ ሾርት ይሆናል። ተለዋዋጩን ኮረንት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ሬክቲፋየር ቫልቭ ብልጭ ይላል፣ ትራንስፎርመሩ ይጨሳል።

መጀመሪያ የኋላውን ሽፋን ይክፈቱ። አይጥ የኖረበት ከሆነ ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ ኩሱን በደረቁ አይጥረጉት፣ በረኪና በተቀላቀለ ውሃ አርጥበው ያንሱት። ከቫልቮቹ በላይ እንጨቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ካርቶን መሰል ነገር ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይፋቁት፣ አይቅደዱት።

ቀጥሎ ፒክቸር ቲዩቡ። ባለ 23 ኢንች ጥቁርና ነጭ ቲዩብ ሲሠራ ከ18,000 እስከ 20,000 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ መስታወቱ ራሱ ካፓሲተር ስለሆነ ከጠፋ በኋላም ኃይሉን ሊያቆይ ይችላል። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ የአንድ የተሸፈነ ሽቦ አንዱን ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ጥቁሩን ሽፋን ከሚነካው የመሬት ሽቦ ጋር ያስሩ፣ ሌላውን ጫፍ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ቀጭን ካቻቢቴ ላይ። ከዚያ በአንድ እጅ ብቻ ካቻቢቴውን በቲዩቡ ጎን ካለው የጎማ ክዳን ሥር ያስገቡና ብረቱን ያስነኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ የቀረ ኃይል ተመልሶ ይሰበሰባልና። ቲዩቡን በአንገቱ ይዘው አያንሱ። አንገቱ ከተሰበረ አየር ስለሚገባ ቲዩቡ አበቃለት፤ ሰፊው መስታወት ከተሰበረ ደግሞ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪ ይረጫል። መነጽር ያድርጉ።

የማጣሪያ ካፓሲተሮችን በ1 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር (ኮረንት የሚገታ ክፍል) ያራግፉና ዜሮ መሆናቸውን በቴስተር ያረጋግጡ። ሻሲው (ክፍሎቹ የታሰሩበት የብረት ሳጥን) ላይ የኃይል ትራንስፎርመር ካላገኙ፣ የቫልቮቹም ፍም ሽቦዎች በተከታታይ ከታሰሩ፣ ሻሲው ራሱ ከግድግዳው ኮረንት ጋር የተገናኘ ነውና ያለ ማግለያ ትራንስፎርመር አይንኩት።

ቀጥሎ የአምፖል መሞከሪያ ይሥሩ። አንድ የድሮ ፍም አምፖል ከኮንሶሉ ጋር በተከታታይ ይታሰራል፦ ለስቴሪዮው ሻሲ ባለ 100 ዋት፣ ለቴሌቪዥኑ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ባለ 100 ዋት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ኮረንት ከበዛ አምፖሉ ይደምቃል፣ ትራንስፎርመሩም ይተርፋል።

አምፖሉ በሙሉ ድምቀት በርቶ አይደበዝዝም

ጤነኛ ዕቃ ሲሆን አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ካልደበዘዘ ሾርት አለ። በብዙ ኮንሶሎች ስቴሪዮውና ቴሌቪዥኑ የየራሳቸው ሻሲ ስላላቸው ለያይተው ይሞክሩ። ከዚያ ሬክቲፋየሩን፣ ለምሳሌ 5ዩ4ጂቢን፣ ይንቀሉ። አምፖሉ ከደበዘዘ ችግሩ ራሱ ሬክቲፋየሩ ወይም ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የማጣሪያ ካፓሲተር ነው ብለው ይነሡ። ካልደበዘዘ ሌሎቹን ቫልቮችም ነቅለው ይሞክሩ። አሁንም ከደመቀ የቀረው በኮረንት መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር ወይም ራሱ ትራንስፎርመሩ ነው። የመግቢያውን ካፓሲተር በተራ ካፓሲተር አይተኩ፤ ለኮረንት መስመር የተፈቀደውን ይግዙ፦ በሁለቱ የኮረንት ሽቦዎች መካከል ከሆነ ባለ ኤክስ2፣ ከሽቦ ወደ ሻሲ ከሆነ ባለ ዋይ2 ምልክት።

የሚለወጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ኤሌክትሮላይቲክ በሙሉ፣ በሰም ወይም በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈኑ የወረቀት ካፓሲተሮች በሙሉ። የሴራሚክ ዲስክና የማይካ ካፓሲተሮችን ምልክት እስካላሳዩ ድረስ ይተዉአቸው። የወረቀቶቹ ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ነው፤ የድሮው ላይ ከዚያ የበለጠ ቮልት ከተጻፈ ግን ከእሱ የማያንስ ይሁን። ትልቁ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በውስጡ ሦስት አራት ካፓሲተር ይይዛል፤ ከሥሩ ያሉት የካሬ፣ የሦስት ማዕዘንና የግማሽ ክብ ምልክቶች የትኛው እግር የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ቆርቆሮውን ለመልኩ በቦታው ይተዉት፣ አዲሶቹን ከሻሲው ሥር ይበይዱ፣ ግን የድሮውን እግሮች ከዑደቱ ፈጽመው ያላቁ። አዲሱን በድሮው ላይ ደርቦ መበየድ የተበላሸውን አያድነውም። 40 ማይክሮፋራድ በነበረበት 47 ይሆናል፤ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ከሬክቲፋየር ቫልቩ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ቦታ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ማስገባት ግን ቫልቩን ይገድለዋል፤ ሲነሣ የሚስበው ኮረንት ከአቅሙ በላይ ነው።

አንዱን አውጥተው አንዱን ይተኩ። አሥሩን ባንድ ላይ ቆርጦ ከፎቶ መገጣጠም ለሳምንታት የሚያስለፋ ስህተት ይወልዳል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በርካሽ መለኪያ ሲለካ የድሮው ካፓሲተር "ደህና" ሊመስል ይችላል። መለኪያው የሚጠቀመው ጥቂት ቮልት ነው፤ ካፓሲተሩ ኮረንት ማሳለፍ የሚጀምረው 200 እና 300 ቮልት ሲያርፍበት ነው።

የድምፅ ቫልቩ ሳህን እንደ ፍም ይቀላል፣ ድምፁም ይሻክራል

ወዲያው ያጥፉ። ሳህን የምንለው በቫልቩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ብረት ነው። ከቫልቩ በፊት ያለው የማገናኛ ካፓሲተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.01 እስከ 0.047 ማይክሮፋራድ ያለው፣ ቀጥተኛ ኮረንት ወደ ቫልቩ ግሪድ (በቫልቩ ውስጥ ኮረንቱን ወደሚቆጣጠረው ሽቦ) እያሳለፈ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የውጤት ቫልቩን ይንቀሉ፣ ኮንሶሉን ያብሩ፣ በግሪዱ ቀዳዳና በሻሲው መካከል ዲሲ ቮልት ይለኩ። ዜሮ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ካፓሲተሩን ይለውጡ።

ከለወጡ በኋላ ቫልቩ ከአቅሙ በላይ እንዳይሠራ ያስሉ። ለ6ቢኪው5፣ በአውሮፓ ስሙ ኢኤል84፣ የሳህኑ ጣሪያ 12 ዋት ነው። ሁለት ቫልቮች በአንድ 130 ኦም የካቶድ (በቫልቩ ውስጥ ኮረንቱ የሚነሣበት ክፍል) ሬዚስተር ከተቀመጡና በላዩ 10.4 ቮልት ከለኩ፣ የሁለቱ ኮረንት 80 ሚሊ አምፒር፣ የአንዱ 40 ነው። ከሳህን እስከ ካቶድ 300 ቮልት ካለ 12 ዋት ደረሰ፤ ጫፍ ላይ ነዎት ማለት ነው። የድሮዎቹ የካርቦን ሬዚስተሮች ከዕድሜ ጋር ዋጋቸው ስለሚጨምር፣ ከተጻፈው ከ20 በመቶ በላይ የራቀውን ሁሉ ይለውጡ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የቤት ኮረንት ከድሮው 117 ወደ 120 ቮልትና ከዚያ በላይ መውጣቱንም አይርሱ።

የቫልቭ ማጉያ ያለ ስፒከር ፈጽሞ አይብራ። ጭነት ሲያጣ በስፒከር ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚነሣው ቮልት ጥቅልሉን ይበሳዋል።

እምምም የሚል ድምፅ

ድምፁ ከቮልዩሙ ጋር የማይጨምር የማይቀንስ ከሆነ መነሻው የማጣሪያ ካፓሲተር ወይም የውጤት ቫልቭ ነው። ከቮልዩሙ ጋር ከጨመረ ከቮልዩሙ በፊት ይፈልጉ፤ ትንሹን የማጉያ ቫልቭ፣ ለምሳሌ 12ኤኤክስ7ን፣ ከሌላው ቻናል ጋር ማቀያየር የመጀመሪያው ሙከራ ይሁን። ሸክላ ሲመረጥ ብቻ ከተሰማ፣ ከማጫወቻው የሚመጣው የመሬት ሽቦ ተቆርጧል ወይም መሰኪያው ዝጓል።

አንዱ ቻናል ዝም ብሏል

ከማጫወቻው የሚመጡትን የግራና የቀኝ መሰኪያዎች ያቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ጎን ከተዛወረ ችግሩ ማጫወቻው ዘንድ ነው፤ እዚያው ከቀረ ማጉያው ወይም ስፒከሩ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማጫወቻው ሸክላ ሲቀይር ድምፁን የሚዘጋውን ትንሽ ማብሪያ ነው። ሁለቱን ቻናሎች ከመሬት ጋር እያገናኘ ዝም ያሰኛል፤ ከቆሸሸ ወይም ከተጣመመ እንደተዘጋ ይቀራል። በአልኮል በተነከረ ወረቀት መካከሉን ያጽዱ።

የሚንኳኳ ቮልዩምና የሚቆራረጥ መምረጫ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ እንደ ዲኦክሲት ያለ የኮንታክት ማጽጃ። ቮልዩሙ ላይ በቀዳዳው ትንሽ ረጭተው ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያሽከርክሩ። መምረጫው ላይ ግን በጥጥ ይቀቡት፤ ቡናማው ሰሌዳ ፈሳሽ ከጠጣ ኮረንት ማሳለፍ ይጀምራል።

ሸክላው አይዞርም፣ ወይም እየጎተተ ይዞራል

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል፤ ምክንያቱም ማጫወቻው ውስጥ ከጎማው፣ ከመርፌውና ከካርትሪጁ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚለውጠው ክፍል) በቀር የሚያልቅ ነገር እምብዛም ነው። ግሪሱ ግን ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። አዲስ ቅባት በድሮው ላይ መጨመር አይረዳም፤ መጀመሪያ የድሮው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት።

ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ያንሡ። በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ ጠርዝ መካከል የሚሽከረከረው የላስቲክ ጎማ ከጠነከረና ከተብለጨለጨ ይንሸራተታል። በአልኮል ያጽዱት፣ ጠርዙን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ በስሱ ያሻክሩት። ጠርዙ ላይ ጎድጎዳ ካለ "ዱብ ዱብ" የሚል ድምፅ ያመጣልና መታደስ ወይም መለወጥ አለበት። የሞተሩን ሁለት ቡሾች አጽድተው በእያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ማጽጃ የሌለበት ባለ 20 ቁጥር የሞተር ዘይት ያድርጉ። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ቅባት አይደለም፤ ሲተን ከበፊቱ የባሰ ሙጫ ይተዋል።

*መርፌውን የተሸከመው እጅ መጨረሻ ላይ ደርሶ አይመለስም።* ከሥሩ ባለው ትልቅ ጥርስ ጎማ ላይ በእጁ ግፊት የሚቀሰቀስ ቀላል ምላስ አለ። ምላሱ በላባ ክብደት መንቀሳቀስ አለበት። ያጽዱት፣ ዘይት ግን አይንካው፤ ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ግሪስ የሚያስፈልጋቸው ተንሸራታች ብረቶቹ ናቸው፣ እሱም በስሱ።

*ይዞራል፣ ድምፁ ግን ቀጭንና ደካማ ነው።* የክሪስታል ካርትሪጅ በውስጡ ያለው ጨው እርጥበት ስለሚያጠፋው ባይነካም ይሞታል። ምትኩ የሴራሚክ ካርትሪጅ ነው። ማግኔታዊ ካርትሪጅ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሚያወጣ ያለ ተጨማሪ ማጉያ አይሰማም። የሴራሚክ ካርትሪጅ አንድ ሜጋ ኦም አካባቢ መግቢያ ይፈልጋል፤ ዘመናዊ 47 ኪሎ ኦም መግቢያ ላይ ቢሰካ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። መርፌው አልማዝ ይሁን፣ ክብደቱ አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግራም። የ78 ዙር መርፌ ከ45 እና ከ33 መርፌ በጣም ስለሚወፍር፣ በስህተት የዞረ መርፌ ውድ ሸክላ ይፍቃል።

ራዲዮው

"የስቴሪዮ መብራቱ አይበራም" ብለው ከመፍታትዎ በፊት የተሠራበትን ዓመት ይዩ። አሜሪካ ውስጥ የኤፍኤም ስቴሪዮ ሥርጭት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮንሶል የስቴሪዮ ዲኮደር (ሁለቱን ቻናሎች የሚለይ ክፍል) ካልተጨመረለት በቀር ኤፍኤሙ ሞኖ ነው። ጣቢያው የሚሸሽ ከሆነ የማስተካከያ ቫልቩን ይለውጡ፣ የሚዞረውን ካፓሲተር ከመሬት ጋር የሚያገናኙትን ሞላዎች ያጽዱ። በብረት ቆርቆሮዎቹ አናት ላይ ያሉትን ብሎን መሳይ ፌራይቶች ግን ያለ ሲግናል ጄነሬተር አይንኩ። ከፋብሪካ የተስተካከሉ ናቸው፤ ብቻቸውን ከቦታቸው አይሄዱም።

ቴሌቪዥኑ ድምፅ አለው፣ ብርሃን የለውም

ጆሮዎን ያቅርቡ። ጤነኛ የአግድም ዑደት በ15,750 ኸርዝ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ ዕድሜ ለገፋ ጆሮ ላይሰማ ይችላልና ወጣት ይጥሩ። ፉጨት ከሌለ ወደ አግድም ውጤት ቫልቩ፣ ለምሳሌ 6ዲኪው6፣ ይመልከቱ። ሳህኑ ከቀላ በሰከንዶች ውስጥ ያጥፉ፤ የሚያንቀሳቅሰው ምልክት ስላልደረሰው ኮረንቱ ያለ ልጓም እየፈሰሰ ነው፣ ቀጥሎ የሚቀልጠው የፍላይባኩ ሰም ነው። ግሪዱ ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ኔጌቲቭ ቮልት መኖር አለበት። ከሌለ ወደ ኋላ ተመልሰው ምልክቱን የሚያመነጨውን የኦሲሌተር ቫልቭና ካፓሲተሮቹን ይፈትሹ። የዚህን ቫልቭ ሳህን በቴስተር አይለኩ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይመታበታል፣ ቴስተርዎን ያቃጥላል።

ፉጨት ካለ፣ ብርሃን ግን ከሌለ፣ የከፍተኛ ቮልት ሬክቲፋየሩን፣ ለምሳሌ 1ቢ3ን፣ ከዚያም የፒክቸር ቲዩቡን ፍም ሽቦ ይዩ። ፍላይባኩን የሸፈነውን የብረት ሳጥን ከፍተው አያሠሩ፤ ከንክኪ የሚጠብቅዎ እሱ ነው።

*አንድ ደማቅ አግድም መስመር ብቻ።* ብርሃኑን ወዲያው ይቀንሱ፤ መስመሩ ፎስፈሩን አቃጥሎ ለዘለዓለም ጠባሳ ይተዋል። የቁም ዑደቱ ቆሟል፦ ቫልቩ፣ ካፓሲተሮቹ፣ የቁም ውጤት ትራንስፎርመሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈተሹ።

*ምስሉ ከሥር ይታጠፋል ወይም ያጥራል።* መታጠፍ ወደ ቁም ውጤት ቫልቩ ግሪድ የሚያሳልፍ ካፓሲተር ነው። ማጠር ደግሞ ዋጋው የጨመረ ሬዚስተር ወይም የደረቀ የካቶድ ኤሌክትሮላይቲክ።

*ምስሉ ደብዝዟል፣ ብርሃን ሲጨመር ያብጣል።* ማበጡ የከፍተኛ ቮልቱ መድከም ነውና 1ቢ3ን መጀመሪያ ይለውጡ። ሳያብጥ የደበዘዘና ብር የመሰለ ምስል ከሆነ ቲዩቡ ደክሟል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁት፤ አንዳንዱ ሲሞቅ ይመለሳል። ካልተመለሰ የፍም ቮልቱን ከ6.3 ወደ 7.8 ገደማ የሚያወጣ ማበርቻ ትራንስፎርመር ዕድሜ ይጨምርለታል።

በስክሪኑ ዳር እንደ ሻጋታ የሚታይ ነጭ ነጠብጣብ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ሙጫ መበስበስ ነው። ምስሉን እስካልሸፈነ ይተዉት። መስታወቱን ማላቀቅ ቲዩቡን ሊያፈነዳ የሚችል ሥራ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ ስክሪኑ በረዶ ብቻ ካሳየ ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ሥርጭቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋናዎቹ ጣቢያዎች አናሎግን የዘጉት ጁን 12 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። የዲጂታል መቀበያ ወይም ዲቪዲ ወደ አርኤፍ ሞዱሌተር (ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ቻናል ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ)፣ ከሞዱሌተሩ በቻናል 3 ወይም 4፣ በ75 ወደ 300 ኦም ማዛመጃ በኩል ወደ ኋላው ሁለት ብሎኖች ያስገቡ።

እንጨቱ

የተላጠውን ስስ የእንጨት ልባስ ከመንቀልዎ በፊት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይጫኑት፤ የድሮው የእንስሳት ኮላ ከሆነ ሙቀት ይመልሰዋል። ካልያዘ ነጭ የእንጨት ኮላ ከሥሩ አስገብተው ለአንድ ሌሊት በክብደት ይጫኑ። ቅቡን ለመለየት በማይታይ ቦታ በአልኮል ይንኩት፦ ከለቀቀ ጎማላካ ነው፤ በአልኮል ሳይሆን በላከር ቲነር ከለቀቀ ላከር ነው፣ የአሜሪካ ኮንሶሎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ናቸው። ልባሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማሽን አያሳዩት።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሸክላው ይጎተታል

የአሜሪካን ኮንሶል ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው ከ220 ወደ 120 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቮልቱ ይስተካከላል፣ ድግግሞሹ ግን 50 ኸርዝ እንደሆነ ይቀራል። የማጫወቻው ሞተር ፍጥነት ከድግግሞሹ ጋር ስለሚሄድ የ33⅓ ሸክላ በደቂቃ 27.8፣ የ45 ደግሞ 37.5 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ዘፋኙ ጎርነን ብሎ ይሰማል። መፍትሄው ሁለት ነው፦ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን መዘውር በቶርኖ ቤት ውፍረቱን በ1.2 እጥፍ አስጨምሮ ማሠራት፣ ወይም ለሞተሩ ብቻ 60 ኸርዝ ንጹሕ ሳይን የሚያወጣ አነስተኛ ኢንቨርተር መስጠት። መዘውሩ የየፍጥነቱ ደረጃ ስላለው እያንዳንዱ ደረጃ ለየብቻ ይሰላ።

ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በ50 ላይ የበለጠ ይሞቃል። የሚያወርደው ትራንስፎርመር ከ120 ይልቅ 105 ወይም 110 ቮልት የሚሰጥ ይሁን፣ አቅሙ ኮንሶሉ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ። ቴሌቪዥኑ በአሜሪካ ሥርዓት እንደሆነ ይቀራልና ዲቪዲውም ሞዱሌተሩም ኤንቲኤስሲ የሚያወጡ መሆን አለባቸው። ኮንሶሉን ሁለት ሰዓት አብርተው ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉና የኃይል ትራንስፎርመሩን በእጅዎ መዳፍ ይንኩት፤ አምስት ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ ቮልቱን አሁንም ዝቅ ያድርጉ።